የቴነሲ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች፦ ፏፏቴዎችና የእግር መንገዶች

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የምትገኘው የቴነሲ ግዛት በሕግ የከለለቻቸው ከ80 በላይ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች አሏት። ከእነዚህ መካከል ሕዝብ የሚጎርፍባቸው ፏፏቴ ያላቸው ናቸው። አብዛኞቹ ግዛቲቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚያቋርጠው በከምበርላንድ አምባ ጠርዝ ላይ፣ የቀሩት ደግሞ ከአምባው በስተምዕራብ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው፣ ሃይላንድ ሪም በሚባለው እርከን ላይ ይገኛሉ። ጉብኝቱ በአብዛኛው የእግር ጉዞ ነው፤ መኪና የሚደርሰው እስከ አምባው አናት ሲሆን፣ ውኃው የሚያርፍበትን ለማየት የፈለገ ሰው ወደ ሸለቆው መውረድ አለበት። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ በጋ፣ ክረምትና ጸደይ የሚሉትም እንደ አሜሪካ ወቅቶች ናቸው።)

ሕጉና አስተዳደሩ

የጥበቃው መሠረት የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1971 ያወጣው የተፈጥሮ ሥፍራዎች ጥበቃ ሕግ ነው። ሕጉ ሥፍራዎቹን በሁለት ይመድባቸዋል፤ አንደኛው ምድብ በመልክዓ ምድራቸው ውበት የታወቁትንና ለመዝናኛ የሚሆኑትን፣ ሁለተኛው ደግሞ ለሳይንስ ጠቀሜታ ያላቸውንና ብርቅ እጽዋትና እንስሳት የሚገኙባቸውን ይይዛል። ሥራውን የሚመራው በግዛቲቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ክፍል ነው። መሬቱ ግን ሁሉም የግዛቲቱ አይደለም። ለምሳሌ በተላሆማ ከተማ አጠገብ ያለው ሾርት ስፕሪንግስ የግዛቲቱ፣ የከተማዋና የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለው የፌዴራል ተቋም የጋራ ይዞታ ነው።

ጥብቅ ሥፍራ ከተራ መናፈሻ የሚለየው በክልከላዎቹ ነው። ግዛቲቱ በ1973 በዚህ ደረጃ የከለለችው በናሽቪል ከተማ የሚገኘው የራድኖር ሐይቅ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፤ በሐይቁ ዙሪያ ባሉት የጫካ መንገዶች ላይ ውሻ ማስከተልና ብስክሌት መንዳት ቀርቶ መሮጥ እንኳ አይፈቀድም። ለዚህ ሁሉ የተተወው አንድ መንገድ ብቻ ነው። ላቡን ሊያወጣ የመጣ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም፤ ሕጉ ቅድሚያ የሰጠው ግን ለእሱ ሳይሆን ለኤሊውና ለጉጉቱ ነው። ጥበቃው ፍሬ አላፈራም ማለትም አይቻልም። በናሽቪል ዙሪያ ባሉ ስስ አፈር በለበሱ የኖራ ድንጋይ ሜዳዎች ላይ ብቻ በተፈጥሮ የሚበቅለው የቴነሲ ኮንፍላወር የተባለው ሐምራዊ አበባ በ1979 ሊጠፉ ከተቃረቡት እጽዋት የፌዴራል ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። መብቀያዎቹ ከተከለሉና እንክብካቤ ከተደረገላቸው በኋላ በ2011 ከዝርዝሩ ሊወጣ በቅቷል።

ድንጋዩና ውኃው

ስለ እነዚህ ፏፏቴዎች አንድ ነገር ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የድንጋዩን አደራደር ቢያውቅ ይበቃዋል። የአምባው አናት ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወንዞች ያከማቹት አሸዋ ተጣብቆ የጠነከረ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከሥሩ ሼል የሚባል፣ በቀላሉ የሚፈረፈር ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ አለ። ከዚያም ዝቅ ሲባል ውኃ የሚያሟሟው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ወንዙ ከአምባው ጠርዝ ሲወርድ የላይኛውን ንጣፍ በዝግታ፣ የታችኛውን በፍጥነት ይበላዋል። እግሩ ሲሸረሸር አናቱ እንደ ቤት ክፈፍ ወደ ፊት ወጥቶ ይቀራል፤ ውኃውም ግድግዳውን ሳይነካ በአየር ላይ ይወረወራል። ተንጠልጥሎ የቀረው ድንጋይ ውሎ አድሮ ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው ተገምሶ ይወድቃል፣ ፏፏቴውም ያን ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። በየፏፏቴው ሥር የተከመሩት ግዙፍ ቋጥኞች በዚህ መንገድ ከላይ የመጡ ናቸው።

የኖራ ድንጋዩ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። ውኃ በስንጥቁ እየሰረገ ዋሻ ይቦረቡርበታል። በዚህ አገር ከአፋፍ የወደቀ ጅረት እታች ደርሶ ድራሹ ቢጠፋ፣ ወይም ደረቅ ከሚመስል ገደል ሆድ ወንዝ ቢፈልቅ የሚያስገርም አይደለም።

ዋና ዋናዎቹ ፏፏቴዎች

ከሁሉም ስመ ጥሩው ፎል ክሪክ ፎልስ ነው። ከፍታው 256 ጫማ ወይም 78 ሜትር ሲሆን፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ካሉትና ድንጋይ ሳይነኩ ከሚወርዱት ረጃጅም ፏፏቴዎች አንዱ ነው። በዙሪያው ያለው ፓርክ ከ29,000 ኤከር በላይ ይሸፍናል። ዛሬ ደን የሆነው ይህ መሬት ቀድሞ በእርሻ የተጎሳቆለ ነበር። በ1937 የፌዴራል መንግሥት መሬቱን መግዛት ጀመረ፤ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ሥራ ላጡ ሰዎች በተቋቋሙት የመንግሥት የሥራ ዘመቻዎች የተቀጠሩ ሰዎች ዛፍ ከተከሉ፣ መንገድ ከጠረጉና መጠለያ ከሠሩ በኋላ መሬቱ በ1944 ለግዛቲቱ ተላለፈ። ፏፏቴው ከመኪና ማቆሚያው ጥቂት እርምጃ ርቆ ካለው መመልከቻ በደንብ ይታያል፤ ብዙ ሰው ከዚያው ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ይሁንና ከመመልከቻው ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ ግማሽ ማይል እንኳ አይሞላም። መንገዱ ቁልቁል ሆኖ በገደሉ ጥግ፣ ከላይ በተንጠለጠለው ድንጋይ ሥር ያልፋል። በጸደይ ውኃው ሲሞላ ከፏፏቴው የሚነሣው ነፋስ ርጭቱን እስከ መንገዱ ድረስ ስለሚነዳው፣ ወራጁ ገና ኩሬው አጠገብ ሳይደርስ ልብሱ ይረጥባል፣ ድንጋዩም እግር አይዝም። ከላይ ከመመልከቻው የማይታወቀው ግዝፈቱ የሚታወቀው እዚህ ነው። በዚያው ፓርክ ውስጥ ፓይኒ ፎልስና 85 ጫማ የሚወርደው ኬን ክሪክ ፎልስ ይገኛሉ፤ ቀኑን ሙሉ ለመቆየት ላሰበ ሰው ሁለቱም የሚታለፉ አይደሉም።

ቨርጂን ፎልስ ግን ከመንገድ ዳር የሚታይ አይደለም። ከስፓርታ ከተማ ራቅ ብሎ ባለ ደን ውስጥ ሲሆን፣ ደርሶ መልስ 9 ማይል ወይም 14 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ያስኬዳል። ጅረቱ ከዋሻ ይወጣል፣ ጥቂት እንደሄደ 110 ጫማ ቁልቁል ይወረወራል፣ ከወደቀበት ሥርም ሌላ ዋሻ ይውጠዋል። ከላይ ወንዝ የለው፣ ከታችም ወንዝ የለው። መሬቱ የአንድ የወረቀት ፋብሪካ ይዞታ ሳለ ነው ኩባንያው ለሕዝብ የከፈተው። በመንገዱ ላይ ተጓዡ አንዱን ጅረት የሚሻገረው ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የብረት ገመድ ጨብጦ፣ በውኃው ውስጥ ካሉት ድንጋዮች አንዱን ከአንዱ እየረገጠ ነው። ዝናብ ጥሎ ከሆነ ጅረቱ ስለሚሞላ ገመዱ ብዙም አያድንም፤ ያኔ መመለስ ነው። ከዚያ ወዲያ ቢግ ሎረል ፎልስ የተባለው ሌላ ፏፏቴ አለ፤ እሱም ከኋላው ባለው ሰፊ ዋሻ ውስጥ ይሰርጋል። መንገዱ ሲሄዱ ቁልቁለት፣ ሲመለሱ ዳገት ነው። በተራራ ጉዞ የለመደ ሰው ጠዋት ወጥቶ ከቀትር በኋላ እየወረደ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እዚህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ጉልበቱን ሲሄድ የጨረሰ ሰው ሲመለስ ይጨነቃል።

ኦዞን ፎልስ በተቃራኒው እጅግ ቀላሉ ነው። 43 ኤከር ብቻ በሆነው ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ፣ ቁጥር 70 ከተባለው አውራ ጎዳና ዳር 110 ጫማ ይወርዳል። የጅረቱ ስም ፎል ክሪክ ነው፤ ከላይ ከተጠቀሰው ፎል ክሪክ ጋር ግን ዝምድና የለውም። ከውኃው ኋላ ያለው ግድግዳ በግማሽ ክብ ወደ ውስጥ ስለገባ ከፏፏቴው ጀርባ ቆሞ ወደ ውጭ ማየት ይቻላል። ጅረቱም ከኩሬው እንደወጣ በቋጥኞቹ መካከል ገብቶ ይሰወርና ዝቅ ብሎ እንደገና ብቅ ይላል። በ1994 የወጣው ዘ ጀንግል ቡክ የተሰኘው የዲዝኒ ፊልም አንዳንድ ትዕይንቶች የተቀረጹት በዚህ ቦታ ነው። የሕንድ ጫካ ሆኖ የታየው የቴነሲ ጫካ ነበር ማለት ነው።

በሃይላንድ ሪም ጠርዝ ያለው በርጀስ ፎልስ ደግሞ የሰው እጅ ያረፈበት ነው። ፎሊንግ ዎተር የተባለው ወንዝ በአራት ተከታታይ እርከኖች በድምሩ 250 ጫማ ያህል ይወርዳል፤ የመጨረሻው ብቻ 136 ጫማ ነው። ስሙን ያገኘው በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ተዋግቶ መሬቱን በውለታ ካገኘው ከቶም በርጀስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወንዙ የእህል ወፍጮ አንቀሳቀሰ። በ1920ዎቹ የኩክቪል ከተማ ለመብራት ኃይል ገደበው፤ የመጀመሪያው ግድብ በ1928 ጎርፍ ተወሰደና በምትኩ ሌላ ተሠራ። ከቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ርካሽ ኃይል ሲመጣ ጣቢያው ሥራውን አቆመ። ግድቡ ግን ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ የእግር መንገዱም ከፊሉ ውኃውን ወደ ጣቢያው ይወስድ የነበረውን የቧንቧ መሥመር ተከትሎ ይሄዳል።

በደቡቡ የአምባው ክፍል ያለው ሳቬጅ ገልፍ የሚጎበኘው ከፏፏቴው ይልቅ ለሸለቆው ነው። በ1971 በፌዴራል ደረጃ ብሔራዊ የተፈጥሮ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ መጥረቢያ ያልነካው ጥንታዊ ደንም በውስጡ አለ። ታላቁ የድንጋይ በር የሚሉት ከአፋፉ እስከ ሸለቆው የወረደ 10 ጫማ ያህል ስፋት ያለው ስንጥቅ ሲሆን፣ ተጓዥ በውስጡ በድንጋይ ደረጃ ይወርዳል። 60 ጫማ የሚወርደው ፎስተር ፎልስና በሞሪ አውራጃ ያለው 75 ጫማው ስቲልሃውስ ሆሎው አጭር ጉዞ ለሚፈልግ ይመቻሉ።

አደጋና ጥንቃቄ

ፏፏቴዎቹን የሠራው የድንጋይ አደራደር ሰውንም ይጎዳል። አፋፉ ላይ የቆመ ሰው እግሩ ሥር ያለው ድንጋይ ምን ያህል ባዶ ላይ እንደተንጠለጠለ አይታየውም። አልጌ የለበሰው አለት ሲረጥብ ሳሙና ነው፤ ለፎቶ ሲባል ወደ ጫፉ መጠጋት በየዓመቱ የነፍስ አድን ሠራተኞችን ያስጠራል። ብዙዎቹ አፋፎች አጥር የላቸውም፣ በጥብቅ ሥፍራ ውስጥ አጥር መደርደርም የጥበቃው መንፈስ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ደራሽ ጎርፍ ነው። በ75 ጫማው ከሚንስ ፎልስ ውኃው ሥር ለመድረስ በወንዙ አልጋ ውስጥ መሄድ ግድ ነው። ቦታው በ2012 የግዛት ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፤ በ2017 እና በ2019 እላይ የዘነበ ዝናብ ያመጣው ጎርፍ ሸለቆው ውስጥ የነበሩ ጎብኚዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ጸሐይ ወጥታ ሳለ እንኳ ውኃው ሊደርስ ይችላል፤ ዝናቡ የሚጥለው ማይሎች ርቆ ስለሆነ ሰማይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ዛሬ ወደ ሸለቆው ለመግባት የፈቃድ ወረቀት መግዛት ያስፈልጋል፣ የዝናብና የወንዝ መለኪያዎች ተተክለዋል፣ ትንበያው ካስፈራ ሸለቆው ይዘጋል፣ ሕፃናትም የሕይወት አድን ሰደርያ ይለብሳሉ። በስልክ ትንበያውን ሳያዩ ከቤት አለመውጣት ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ከገቡ በኋላ ኔትወርክ ብዙ ጊዜ የለም።

በበጋ መዥገር አለ፤ ጅራቱን የሚያንቃጭለው እባብም በድንጋይ መካከል ያርፋልና እጅን ሳያዩ ወደ ስንጥቅ መስደድ አደገኛ ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣው ፖይዝን አይቪ የተባለው ሐረግ ቆዳን ያሳብጣል።

መቼ ይኬዳል?

ብዙ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ይሄዳል፤ ለፏፏቴ ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ጅረቶቹ የሚሰበስቡት ውኃ ከጠባብ አካባቢ ስለሆነ በበጋው መጨረሻ ይሳሳሉ፤ ታላቁ ፎል ክሪክ ፎልስ እንኳ ቀጭን ክር ሊሆን ይችላል። ውኃው የሚሞላው ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጸደይ ነው፤ ያኔ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ስላራገፉ ሸለቆው ይገለጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሾርት ስፕሪንግስ በዱር አበባ ይሸፈናል። አብዛኞቹ ሥፍራዎች ከጸሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ብቻ ክፍት ናቸው። በናሽቪል ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ፎል ክሪክ ፎልስ በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ በቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበት።

የሄምሎኩ በሽታ

በሸለቆዎቹ ውስጥ ጅረቶቹን የሚያጠላው ሄምሎክ የሚባል የማይረግፍ ዛፍ ነው። ውኃው በበጋ ቀዝቅዞ እንዲቆይ የሚያደርገው የእሱ ጥላ ነው፤ በውኃው ያሉት ሳላማንደሮችና ዓሦችም ኑሯቸው በዚህ ቅዝቃዜ ላይ የቆመ ነው። ከእስያ የመጣ፣ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር የሚለብስ ጥቃቅን ነፍሳት በ2002 ቴነሲ ውስጥ ተገኘ። ነፍሳቱ ከቅጠሉ ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጥበታል፣ ዛፉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደርቃል። መሥሪያ ቤቶቹ ሁለት መንገድ ይጠቀማሉ፤ በተመረጡ ዛፎች ሥር መድኃኒት ያፈስሳሉ፣ ነፍሳቱን የሚበሉ ጥንዚዛዎችንም ይለቃሉ። መድኃኒቱ የሚያገለግለው ለጥቂት ዓመታት ስለሆነ እየተመላለሱ መድገም ያስፈልጋል፤ ጥንዚዛዎቹም ተራብተው ለውጥ እስኪያመጡ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በአንዳንድ ሸለቆዎች አጠገብ ለአጠገብ የቆሙ ለምለምና ደረቅ ሄምሎኮችን ማየት የተለመደ ነው፤ ለምለሞቹ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ የደረሳቸው ናቸው።