ፓኪስታን፦ ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል መሆኑ ሲቀር

በፓኪስታን ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ በሕይወት የተረፈ ሰው ቤተሰብ እስከ 2022 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎሮሳውያኑ አቆጣጠር) መጨረሻ ድረስ ሁለት ፍርሃት ነበረበት፤ አንደኛው ስለ ታማሚው ሕይወት፣ ሁለተኛው ስለ ፖሊስ። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 325 ሙከራውን እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ እስራት፣ በገንዘብ መቀጮ ወይም በሁለቱም ያስቀጣ ነበር።

በሕጉ ተከሰው የሚታሰሩት ጥቂቶች ቢሆኑም፣ ጉዳቱ ከፍርድ ቤት ውጭ ይበረታ ነበር። ታማሚው ለፖሊስ የሚያሳውቅ ሐኪም ወዳለበት የመንግሥት ሆስፒታል መሄድ ይጠበቅበት ነበር። ብዙ ቤተሰቦች ምርመራውን፣ ጉቦውንና የጎረቤትን ወሬ ስለሚፈሩ የደረሰውን «ድንገተኛ አደጋ ነው» ይሉ ነበር፤ ወይም ወደ ግል ሐኪም ቤት ይሄዱ ነበር። በዚህ መሐል አካሉ ሲታከም፣ ለሙከራው ያደረሰው ጭንቀት ሳይጠየቅ ይቀር ነበር።

ሃይማኖቱና ሕጉ

እስልምና ራስን ማጥፋትን በጥብቅ ይከለክላል። በዚህ ረገድ ዘወትር የሚጠቀሰው በሱረቱ አን-ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ ነው፤ ይኸው አንቀጽ የሚደመደመው ግን አላህ ለሰዎች አዛኝ መሆኑን በማስታወስ ነው። ይህ እምነት ብዙዎችን ከሞት እንደሚጠብቅ የዘርፉ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ሆኖም ክልከላው ወደ ነውር ሲለወጥ፣ የሞት ሐሳብ የሚያስጨንቀው ሰው «እምነቴ ደካማ ነው ይሉኛል» ብሎ ዝም ይላል።

የእስር ቅጣቱ ምንጭ ደግሞ በቀጥታ ሃይማኖቱ አልነበረም። አንቀጹ የመጣው ብሪታንያ በቅኝ ግዛቷ ሕንድ ላይ በ1860 ካወጣችው ሕግ ነው። ብሪታንያ ራሷ በእንግላንድና ዌልስ ይህን ወንጀልነት በ1961 ስትሰርዝ፣ በፓኪስታን ግን ቅጣቱ ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቷል።

የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ለዓመታት ሲወተውቱ ከቆዩ በኋላ፣ የአገሪቱ ምክር ቤቶች አንቀጹን የሚሽረውን ረቂቅ በ2022 አጸደቁ፤ ፕሬዚዳንት አሪፍ አልቪም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ፈረሙበት። ለውጡ ሃይማኖታዊውን ክልከላ አልነካም። የለወጠው በሕይወት የተረፈው ሰው በመንግሥት ዘንድ የሚታይበትን ዓይን ነው፤ ቀድሞ ተጠርጣሪ የነበረው ታካሚ ሆነ።

ከሕጉ በኋላ ያለው ሥራ

አንቀጹ መሻሩ በራሱ ሐኪም አያፈራም። ከ240 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በመቶዎች ብቻ የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በትልልቅ ከተሞች ነው።

ይሁንና በአነስተኛ አቅምም ብዙ መሥራት እንደሚቻል ያሳየ ጥናት አለ። ውጤቱ በ2014 በታተመው በዚህ የካራቺ ጥናት፣ ራሳቸውን ጎድተው ሆስፒታል ከገቡ 221 ሰዎች ከፊሎቹ ከአካባቢው ባህል ጋር የተስማማ የስድስት ጊዜ የሥነ ልቡና ምክር አገኙ። ምክሩን ያገኙት፣ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የሞት ሐሳባቸውና ተስፋ መቁረጣቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን እንደሚያጠፉ ይገምታል። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መከላከያዎች ዋና ዋናዎቹ አደገኛ ነገሮችን ከሰዎች ማራቅ፣ የመገናኛ ብዙኃን ጥንቃቄ የተሞላበት ዘገባ፣ ወጣቶች ስሜታቸውን መቆጣጠር እንዲማሩ መርዳት፣ እንዲሁም የተጨነቀን ሰው ቀድሞ ለይቶ መከታተል ናቸው።

በሃይማኖተኛ ኅብረተሰብ ውስጥ የተጨነቀ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያማክረው ሐኪምን ሳይሆን የመስጊድ ኢማምን ወይም የቤተሰብ ሽማግሌን ነው። ስለዚህ ኢማሙ ከዱዓውና ከምክሩ ጋር ወደ ሕክምና የሚመራ ከሆነ፣ ታካሚው ሐኪም ዘንድ መሄዱን እንደ እምነት ማጣት አያየውም።

አንድን ሰው «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያስገባበት ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ይልቁንም የመናገሪያ በር ይከፍትለታል። ከተግሣጽ በፊት ማዳመጥ፣ አደጋው ከቀረበ ሰውዬውን ብቻውን አለመተው፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ወይም የድንገተኛ አገልግሎት ማድረስ ያስፈልጋል። በዩናይትድ ስቴትስ በ988 ስልክ በማንኛውም ሰዓት እርዳታ ይገኛል።