የረጋ መረቅና የፓሪስ ድኾች

የሰው ልጅ ታሪክ በነገሥታትና በጦርነት ዜና ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በድስትና በምድጃም ይነገራል። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የመረጥነው የአንድ ተራ ምግብ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ከእግር፣ ከቆዳና ከጅማት ተቀቅሎ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የሥጋ መረቅ ነው። በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአጥንት መረቅ አድሮ ሲረጋ ብዙዎቻችን በየቤታችን አይተናል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በቆዳ፣ በጅማትና በአጥንት ውስጥ ኮላጅን የሚባል ነገር አለ። ይህም በውሃ ረዥም ሰዓት ሲቀቀል ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ጄላቲንም ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይዞ ይረጋል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ተመልሶ ይቀልጣል።

ይህን ጥበብ ብዙ ሕዝቦች ያውቁታል። ሩሲያውያን ሖሎዴትስ ይሉታል፤ የከብት ወይም የአሳማ እግር ቀቅለው፣ ሥጋውን ከነመረቁ በሳሕን አርግተው በሰናፍጭ ይበሉታል። በምሥራቅ አውሮፓ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ደግሞ ከጥጃ እግርና ከነጭ ሽንኩርት ፕቻ የሚባለውን ያዘጋጁ ነበር፤ በሰንበት ምግብ ማብሰል በሕጋቸው የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ዓርብ ተሠርቶ በማግሥቱ ቀዝቃዛው ይቀርብ ነበር። በፈረንሳይ አገር በ14ኛው ክፍለ ዘመን በታወቀው ለ ቪያንዲዬ በተባለው የወጥ ቤት መጽሐፍም የረጋ የሥጋና የዓሣ መረቅ አሠራር ይገኛል፤ ይህ ግን የመኳንንት ማዕድ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደ ሊቃውንት እጅ ገባ። ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 በለንደን ክዳኑ የጠበቀ የብረት ድስት ሠርቶ አሳየ። እንፋሎቱ ታፍኖ ሙቀቱ ከፍ ስለሚል ጠንካራ አጥንት እንኳ ይለሰልስ ነበር። ከሚጣል አጥንት ርካሽ ምግብ ማግኘት እንደሚቻልም ታመነ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ዳርሴ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከአጥንት ጄላቲን አውጥቶ፣ በፓሪስ ሆስፒታሎች ለሕሙማንና ለድኾች በሾርባ መልክ እንዲታደል አደረገ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ዳሩ ግን፣ «ይህ ሾርባ በእውነት ሰውን ይመግባልን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚም በፍራንሷ ማዣንዲ የሚመራ የመርማሪዎች ጉባኤ አቆመ። መርማሪዎቹ ለውሾች ጄላቲን ብቻ ቢሰጡ፣ ውሾቹ ወይ አንበላም ይሉ፣ ወይ እየከሱ ይሞቱ ነበር። ጉባኤው በ1841 ባቀረበው ሪፖርት ጄላቲን ብቻውን ሕይወትን ሊያቆይ እንደማይችል አስታወቀ። ምክንያቱ የተገለጠው ግን ቈይቶ ነው፤ በ1901 ትሪፕቶፋን የሚባለው ንጥረ ነገር ተለይቶ ታወቀ፤ ይህንም ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል ሲሆን በጄላቲን ውስጥ አይገኝም።

እንግዲህ የጥንቶቹ እናቶች አልተሳሳቱም፤ ከረጋው መረቅ ጋር ሥጋው ነበረበት፤ እንጀራም ሆነ ዳቦ አብሮት ይቀርብ ነበር። ችግሩ የመጣው ሥጋው ቀርቶ መረቁ ብቻ ለድኻ በቂ ነው በተባለ ጊዜ ነው። ጄላቲን የተቀበለው የፓሪስ ሕመምተኛ ሆዱ የሞላ ቢመስለውም ጕልበቱ አልተተካለትም።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም፣ አስተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ የሚሆኑ አሉ። ለችግረኛ የሚሰጠውን ነገር በጎ ፈቃድ ብቻ በቂ እንደማያደርገው፣ ከመታደሉም በፊት በትዕግሥት መመርመር እንዳለበት ከዚህ ታሪክ እንማራለን።