ጋይ የሚለው የእንግሊዞች ቃል ታሪክ

በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ ይልቁንም በአሜሪካኖች መካከል፣ ስሙ የማይታወቀውን ሰው «ሰውዬው» ለማለት ወይም ወዳጆችን በአንድነት ለመጥራት የሚነገረው «ጋይ» የተባለው ቃል፣ ዛሬ ክፋት የማይሰማበት ተራ ቃል ቢሆንም፣ ጥንተ ነገሩ ሲመረመር የሚገኘው በንጉሥ ላይ በተዶለተ ምክር፣ በባሩድና በእሳት መካከል ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1605 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር ካቶሊካውያን ቅዳሴያቸውን በስውር የሚያደርሱ፣ ወደ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ባለመሄዳቸውም መቀጫ የሚከፍሉ ነበሩ። ቀዳማዊ ጄምስ ሲነግሥ ቀንበሩ ይቀልልናል ብለው ያደረጉት ተስፋ ከንቱ ስለ ሆነባቸው፣ ሮበርት ኬትስቢ የተባለ የባለርስት ልጅ ጥቂት ሰዎችን በመሐላ አስተባብሮ፣ ንጉሡ ኖቬምበር 5 ቀን ምክር ቤቱን ሲከፍት ከነመሳፍንቱ በባሩድ ሊያጠፋው ተማከረ። ባሩዱን የመጠበቅና የመለኰስ ሥራ የተሰጠው በዮርክ ከተማ ተወልዶ በፍላንደርስ በስጳኝ ሠራዊት ውስጥ ሆኖ ሲዋጋ ለኖረው ለጋይ ፎክስ ነበር።

ሎርድ ሞንቲግል የተባለ መኰንን በዚያ ቀን ከምክር ቤቱ እንዲርቅ የሚያስጠነቅቅ ስም የሌለበት ደብዳቤ ደርሶት ለመንግሥት ሹማምንት ስላሳየ፣ ከመሳፍንቱ ሸንጎ በታች ያለው ምድር ቤት በሌሊት ተበረበረ፤ ፎክስም በማገዶ ክምር ከሸፈነው 36 በርሜል ባሩድ ጋር ተያዘ። ጆን ጆንሰን ነኝ ብሎ ስሙን የደበቀው ይህ ሰው እስኪናዘዝ ድረስ በብርቱ ተሠቃየ። የተናዘዘባቸው ወረቀቶች ዛሬም ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ከሥቃዩ በኋላ ወዲያው የፈረመው ብዕር መያዝ ያቃተው እጅ የጫረው ደካማ መስመር ሲሆን፣ ከጥቂት ቀን በኋላ የፈረመው ግን የጸና የሰው ጽሕፈት ነው። እነዚህን ሁለት ፊርማዎች አስተያይቶ የማያዝን ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሊፈጽም ያሰበው ግፍ ታላቅ ቢሆንም፣ የተፈጸመበትም ግፍ ነበረ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1606 ዓ.ም. በሞት ተቀጣ።

ምክር ቤቱም ኖቬምበር 5 በየዓመቱ ጸሎተ ምስጋና የሚደርስበት በዓል እንዲሆን ደነገገ፤ ሕጉም እስከ 1859 ዓ.ም. ጸንቶ ቆየ። ሕዝቡ ግን ከጸሎቱ ይልቅ በዚያ ዕለት የሚነድደውን እሳት ወደደ። ቀድሞ ብዙ ጊዜ በእሳቱ ላይ ይጣል የነበረው የሮማው ፓፓ ምስል ሲሆን፣ ኋላ ግን ስፍራውን የፎክስ ምስል ወሰደው። ልጆች ያረጀ ሱሪና ኮት አገጣጥመው፣ ገለባና ቡትቶ ጠቅጥቀው፣ ጭምብልና የተጨማደደ ባርኔጣ ደፍተውለት፣ በጋሪ እየገፉ ለርችት መግዣ «ለጋይ አንድ ፔኒ!» እያሉ ይለምኑ ነበር። በ19ኛው ምዕት ዓመት መባቻ «ጋይ» ማለት ይህ ምስል ሆነ፤ ጥቂት ቆይቶም አለባበሱ የማያምር፣ ለሳቅ የሚጋብዝ ሰው ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ። ፎክስ የተማረበት የዮርክ ቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት ግን የቀድሞ ተማሪውን ምስል አላቃጥልም ብሎ መቅረቱ የሚመሰገን ጨዋነት ነው።

ቃሉ ከውርደት የወጣው ግን ባሕር ተሻግሮ ነው። በአሜሪካም፣ በተለይ በቦስተን፣ በዚያው ዕለት የፓፓው ምስል ይቃጠል ነበር፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ግን የካናዳ ካቶሊኮችን ወዳጅነት በሚሻበት በ1775 ዓ.ም. ሠራዊቱ ይህን ልማድ እንዳይፈጽም በትእዛዝ ከለከለ፤ ከነጻነቱም ጦርነት ወዲህ በዓሉ እየደከመ ጠፋ። በእንግሊዝ እሳቱ በየዓመቱ ሲነድ ቃሉን ከምስሉ ጋር አስሮ ሲያኖረው፣ እሳቱ በጠፋበት አገር ግን የሚያስታውሰው ነገር ስላልነበረ ትርጓሜው እንደ ልብ ሰፋ ብዬ አምናለሁ። በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ አሜሪካኖች ማንኛውንም ወንድ «ጋይ» ይሉት ጀመር፤ በብዙ ቁጥር ሲነገርም ቃሉ ዛሬ ሴቶችን ጭምር ይጠራል፤ ይህን የማይወዱ ሴቶች ግን ስለ ወንድ በተባለ ቃል አንጠራም ይላሉ።