ቆየት ያሉ የናፍጣ ተሽከርካሪዎችን በብርድ ወራት ስለማስነሳት

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳና በባሌ ደጋማ አካባቢዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር የንጋቱ ቅዝቃዜ ውርጭ እስከ መጣል ይደርሳል። በእነዚህ ወራት ሌሊቱን ደጅ ያደሩ ቆየት ያሉ የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ጠዋት አልነሳ ማለታቸው የመስክ ሥራን ከሚያስተጓጉሉ ችግሮች አንዱ ነው። ተሽከርካሪው ሕመምተኛ የሚያመላልስ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ከሰዓት መዘግየት ያለፈ ይሆናል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በኤሌክትሪክ ብልጭታ አይነሳም። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ሲያግለው የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ግን የታመቀው አየር ሙቀቱን ለብረቱ ያስረክባል። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ በመሆኑ፣ የሚታመቀው አየር ራሱ ያነሰ ነው። በቆላ ያለ ችግር የሚነሳ ሞተር ደጋ ሲያድር ቢያስቸግር ስለዚህ የሚያስገርም አይደለም።

ይህንን ጉድለት የሚያካክሰው የማሞቂያ ካንዴላ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የተጠማዘዘ ሽቦ ምልክት እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ማዞር በብዙ አሽከርካሪዎች ዘንድ የሚታይ ልማድ ነው። ብርዱ ሲበረታ ማሞቁን አንድ ጊዜ መድገም ይጠቅማል። ሆኖም የምልክቱ መብራት ካንዴላዎቹ ደህና ለመሆናቸው ማረጋገጫ አይሆንም፤ በቆዩ ሞዴሎች በአብዛኛው በጊዜ መቆጣጠሪያ የሚሠራ ስለሆነ ካንዴላዎቹ ተቃጥለውም ሊበራ ይችላል። መካኒኩ የኤሌክትሪክ መስመሩን ነቅሎ እያንዳንዱን በመሞከሪያ አምፖል ቢፈትሽ የተቃጠለው በቀላሉ ይለያል።

ባትሪም በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፤ የወፈረው የሞተር ዘይት ደግሞ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። በመሆኑም መብራትና ሬዲዮ አጥፍቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ማስነሳት ጫናውን ያቃልላል። ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ ያለማቋረጥ ማሠራት አይገባም፤ በየሙከራው መካከል ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሊያርፍ ይገባል።

የጭስ ማውጫውን መመልከትም ብዙ ይናገራል። ሞተሩ እየዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም፤ ጥርጣሬው በካንዴላው ወይም ባረጀው ሞተር የማመቅ አቅም ላይ ይሆናል። ምንም ጭስ ካልታየ ግን ነዳጁ አልደረሰም ማለት ነው። ይህም የተዘጋ ማጣሪያ ወይም በመስመሩ የገባ አየር ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች ናፍጣው ረጋ በሚል ነጭ ጋዝ ይቀላቅላሉ። በረዷማ አገሮች ናፍጣ ረግቶ ማጣሪያ መድፈኑ እውነት ነው፤ የአገራችን የደጋ ብርድ ግን እምብዛም ለዚህ አያደርስም። ድብልቁ በአንጻሩ በናፍጣ የሚለሰልሰውን የነዳጅ ፖምፓ ያለ ዕድሜው ያስረጃል። በሞተሩ ሥር እሳት ማንደድ፣ ካንዴላው ግሎ ሳለም ኤተር ያለበት የማስነሻ ርጭት መጠቀም ለአደጋ የሚያጋልጡ ናቸው።

የካንዴላ ግዥ በመንግሥት የግዥ ሥርዓት ጊዜ ስለሚወስድ፣ የተሽከርካሪ ስምሪት ክፍሎች የካንዴላና የባትሪ ፍተሻውን ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ ቢዘገይ በመስከረም ወር ማጠናቀቅ ይኖርባቸዋል።