ሩባርብ፦ የባዕዳን ሥር

በግንቦት መግቢያ ላይ፣ እዚህ ሚኒሶታ፣ አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ በአጥር በኩል አንድ እቅፍ ቀያይ አገዳ አቀበሉኝ። ቅጠሉን አስቀድመው ቆርጠው ጥለውታል፤ ኦክሳሊክ አሲድ ስለሚበዛበት መርዛም ነው፤ የሚበላው አገዳው ብቻ ነው። «ሩባርብ ይባላል፤ አያቴ ግን የፓይ ተክል ነበር የምትለው» አሉኝ። ጫፉን ነከስ ሳደርገው ጥርሴን አጠረሰኝ። ወዲያው ትዝ ያለኝ በልጅነታችን ልጠን የምናኝከው እምቧጮ ነው።

ፓይ ጋገርኩበት። ዱቄቱን በቅቤና በቀዝቃዛ ውሃ ለወስኩ፣ ሊጡን ዳመጥኩ፣ የተከታተፈውን አገዳ ከብዙ ስኳር ጋር አደባልቄ ሞላሁት፤ ከላይ ሌላ ሊጥ አልብሼ ኦቭን ውስጥ ከተትኩት። ያ እስኪበስል ስሙን ፍለጋ መጽሐፍ ገለጥኩ።

እንግሊዝኛው ቃሉን ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ወሰደ፤ ፈረንሳይኛው ከመካከለኛው ዘመን ላቲን፣ ላቲኑ ደግሞ ከግሪክ። ግሪኩ ጋ ሲደርስ ቃሉ ለሁለት ይከፈላል፦ «ራ» እና «ባርባሮን»። «ራ» የቮልጋ ወንዝ የጥንት ስም ነው፤ በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሊቅ በጥሊሞስ ወንዙን የሚጠራው በዚህ ስም ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማው ታሪክ ጸሐፊ አሚያኑስ ማርሴሊኑስ በራ ወንዝ ዳር የወንዙን ስም የያዘ፣ ለብዙ መድኃኒት የሚሆን ሥር እንደሚበቅል ጽፏል። ግሪኮች ግን «ሬዎን» የሚል ሌላ ስምም ነበራቸው፤ እሱ ከፋርስ «ሬዋንድ» የመጣ ነው፤ ዐረቦችም «ራዋንድ» ይሉታል። እኔን ከወንዙ ይልቅ የፋርሱ ቃል ያሳምነኛል። ሥሩ ወደ ምዕራብ የተጓዘው በነጋዴ ጭነት ነውና ስሙም ከነጋዴው አፍ ቢሰማ አይገርምም።

ልቤን የሳበው ግን ሁለተኛው ክፍል ነው። ግሪክኛ የማይናገር ሰው ሲያወራ ለግሪኮች ጆሮ «ባር ባር» እያለ የሚንተባተብ ይመስላቸው ነበር። እኛም «ተንተባተበ»፣ «ጉምጉምታ»፣ «ሹክሹክታ» ስንል ድምፁን እየደጋገምን ነው የምንሥለው። ከዚያ «ባር ባር» ባርባሮስ፣ ማለትም ባዕድ፣ የሚለው ቃል ወጣ። እንግዲህ ሩባርብ ማለት የባዕዳን ራ፣ ቋንቋቸው ከማይገባን ሰዎች አገር የመጣ ሥር ማለት ነው። (በርበሬያችን እዚህ ጋ ብቅ ማለቱ አይቀርም፤ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን ዝምድናን አያስመሰክርም።)

ባዕድ የተባሉት ሰዎች በበኩላቸው ሥሩን ያውቁታል። ቻይናዎች «ዳ ኋንግ»፣ ትልቁ ቢጫ ይሉታል። ሥሩን ቆርጦ ያየ ሰው የሚያወጣለት ስም ይህ ነው። ሆድ ለማጽዳት ደርቆ የመጣውን የሚገዛው አውሮፓዊ ግን የሚያውቀው የመጣበትን በር ብቻ ነበር። በኦቶማን ግዛት በኩል የመጣውን «የቱርክ ሩባርብ»፣ የሩሲያ መንግሥት በድንበር ከተማው በኪያኽታ በኩል የሚያስገባውን «የሩሲያ ሩባርብ» አለው፤ ሥሩ የሚቆፈረው ግን ከዚያው ከቻይና ምድር ነበር። የቻይናው ሹም ሊን ዜሹ እ.ኤ.አ. በ1839 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፈው ደብዳቤ፣ የውጭ አገር ሰዎች ያለ ሻይና ያለ ሩባርብ መኖር እንደማይችሉ ጠቅሷል። ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የጓሮውን ዝርያ «ሬዩም ራባርባሩም» ብሎ ሲሰይም ያን የግሪክ ንቀት በሳይንስ መዝገብ አጸናው።

አገዳው ምግብ የሆነው ስኳር ረክሶ ተራው ሰው ቤት ሲገባ ነው። ያን ጊዜ የሥሩ ስም ወደ አገዳው ተሻገረ፤ መድኃኒቱ ተረስቶ ፓዩ ቀረ። ጎረቤቴ የነገሩኝ የአያታቸው ስምም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የተለመደ ነበር፤ ተክሉን በጓሮ ተክለው ለሚጋግሩት ሰዎች ባዕድነቱ ቀርቶ ሥራው ስም ሆነለት። ከሰማኋቸው ስሞች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ።

ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። የእንግሊዝ ተዋንያን በመድረክ ላይ የሕዝብ ጫጫታ ማሰማት ሲፈልጉ «ሩባርብ፣ ሩባርብ» እያሉ በየአፋቸው ያጉረመርማሉ። ትርጉም የለሽ ጉምጉምታ ሆኖ የተወለደው «ባር ባር» ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ ጉምጉምታ ሆነ።

እምቧጮን ያስታወሰኝ ምላሴም አልተሳሳተም። እምቧጮና መቅመቆ ከሩባርብ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ቅቤ ሲነጠር ቢጫ መልክ እንዲሰጠው የሚጨመረው የመቅመቆ ሥር የቻይናዎቹን «ትልቁ ቢጫ» ያስታውሳል። በእንግሊዝኛ የዕፅዋት መጻሕፍት መቅመቆ «ስፒናች ሩባርብ» ተብሎ ይገኛል፤ ባዕድ የሚለው ቅጽል ወደ እኛ ጓዳም ገብቷል ማለት ነው። ፓዩን ከኦቭን ሳወጣ ጭማቂው በሊጡ ስንጥቅ ገንፍሎ ቀልቶ ነበር። ግማሹን በሳህን አድርጌ ለጎረቤቴ ወሰድኩላቸውና «እኛ አገር ዘመዱ መቅመቆ ይባላል» አልኳቸው። ሁለቴ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ፤ ከዚያ ራሳቸው አሉት።