ሸክላው ከነትንፋሹ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሐዋሳ፣ ጋሼ የምላቸው ጡረተኛ ጎረቤቴ አንድ ካርቶን ሸክላ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ኮምፒዩተር ታውቃለህ ይሉኛል፤ እስቲ እነዚህን ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ» አሉ። ቆጠርኳቸው፤ አርባ ባለ 45 ዙር ናቸው። አንዱ ገጽ አራት ደቂቃ ቢፈጅ ሰማንያው ገጽ ከአምስት ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። ሸክላ እንደ ፋይል በአንዴ አይገለበጥም፤ ቁጭ ብሎ መስማት ግድ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሸክላ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣቱ አምሐ እሸቴ ግን በ1969 ድንጋጌውን ተዳፍሮ አምሐ ሪከርድስን አቋቋመ፤ በዓለማየሁ እሸቴ ሸክላም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ መቶ ያህል ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አወጣ። ዘፈኑ አዲስ አበባ ይቀረጻል፣ ሸክላው ውጭ አገር ይታተማል። ከዚያ ደርግ መጣ፤ አምሐ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ካሴት ገበያውን ያዘ፤ ሸክላውም አልጋ ሥር ገባ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ሲዲዎች ብዙዎቹን ዳግም አሰማን። ሁሉንም ግን አይደለም። የቀረው በየቤቱ ካርቶን ውስጥ ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። የመጀመሪያው ማታ ማጫወቻውን በቀጥታ ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካሁት፤ የቆርቆሮ ድምፅ ሰጠኝ። ለካ ሸክላ ሲታተም ወፍራሙ ድምፅ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጎላል፤ ያንን የሚመልስ ማጉያ በመሀል ያስፈልጋል። ማጉያውን በውሰት አገኘሁ። ቀጥሎ በሶፍትዌር ጩኸቱን ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁና ኩራት ኩራት እያለኝ አሰማኋቸው። ጋሼ ዝም አሉ።

«ምነው ጋሼ?»

«የሳክስፎኑ ትንፋሽ የት ሄደ?»

እውነታቸውን ነው። ኮምፒዩተሩ ጩኸትና ትንፋሽ አይለይም፤ ሁለቱንም ጠርጎልኛል። ደግነቱ ያልተነካው ቅጂ ነበረኝ። ከዚያ ወዲያ ጋሼ አጠገቤ እየተቀመጡ፣ ማን ከበሮ እንደመታ፣ ማን እንደነፋ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ሸክላው ላይ የተጻፈው የዘፋኙና የዘፈኑ ስም ነው፤ የቀረው እሳቸው ጋ ነበር።

እናም አንባቢዬ፣ አልጋ ሥር ካርቶን ካለ አውጡት። ያልተነካውን ቅጂ አኑሩ፤ ሸክላውንም አትጣሉ፤ ሃምሳ ዓመት ኖሯል፣ የኮምፒዩተር ዲስክ ግን በአንድ ጀምበር ይሞታል። ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ። ሸክላው ይጠብቃል፤ ሰው አይጠብቅም።