ግራጫን ፍለጋ፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ኅትመት ከብር እስከ ጥላሸት

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በስሙ ሲታይ ሁለት ቀለማት ብቻ ያሉት ይመስላል። አንድን የቆየ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን የነጠላው እጥፋት፣ የሹሩባው መስመር፣ የፊቱ ጥላ ሁሉ የተገለጠው በጥቁርና በነጭ መካከል በተዘረጋው ግራጫ መሆኑን ይረዳል። በጨለማ ክፍል የታጠበ ፎቶግራፍ ይህን ግራጫ የሚያገኘው ከብር ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው የብር ጨው ባረፈበት ብርሃን መጠን ይጠቁራልና። በተለምዶ ኢንክጄት የሚባለው ማተሚያ ግን ብር የለውም፤ ሥራው ሁሉ ጥቃቅን የቀለም ጠብታዎችን በወረቀት ላይ መርጨት ነው። ይህ መሣሪያ የብርን ቦታ ለመያዝ የተጓዘው መንገድ፣ ዛሬ የወላጆቹን ፎቶግራፍ እንደገና ለማሳተም ወይም ማተሚያ ለመግዛት ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩ አንድ ምዕራፍ የሚጀምረው ከጠፉ ኔጋቲቮች ነው። እንግሊዛዊው ድምፃዊ ግራሃም ናሽ ከሙዚቃው ጎን ለጎን ፎቶግራፍ አንሺም ነው። በ1990 ለተከፈተ ዐውደ ርእይ ሥራዎቹን ሲያዘጋጅ፣ አብዛኞቹ ኔጋቲቮች ወደ መጽሐፍ አሳታሚ ሲላኩ መንገድ ላይ ጠፍተው ነበር። የቀሩት ኮንታክት ሺት የሚባሉት፣ በኔጋቲቩ ልክ የታተሙ ትንንሽ ቅጂዎች ነበሩ። በዲዝኒ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴቪድ ኩንስ እነዚያን በስካነር አንሥቶ፣ አይሪስ በተባለ ኢንክጄት ማተሚያ በውኃ ቀለም ሥዕል ወረቀት ላይ በትልቁ አተማቸው። አይሪስ የተሠራው ለማተሚያ ቤቶች የማረሚያ ቅጂ እንዲያወጣ እንጂ ለሥነ ጥበብ አልነበረም። ናሽም አንዱን በ126,000 ዶላር ገዛ። እርሱና ባልደረባው ማክ ሆልበርት ወፍራም ወረቀት እንዲያሳልፍላቸው ያን ውድ መሣሪያ በብረት መጋዝ እስከ መቁረጥ ደረሱ። በ1991 በካሊፎርኒያ ማንሃተን ቢች ናሽ ኤዲሽንስ የተባለውን ማተሚያ ቤት ከፈቱ፤ መሣሪያው ደግሞ በ2005 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ተበረከተ።

ይሁን እንጂ ሁለት ብርቱ ችግሮች ነበሩ። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። የአይሪስ ቀለም በፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ስለነበረ ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይደበዝዝ ነበር። ሁለተኛው የግራጫው ንጽሕና ነው። አንድ ጥቁር ብቻ ያለው ማተሚያ ግራጫን የሚያወጣው ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫን በማዋሐድ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ በጥቂቱ ካየለ የሰው ፊት ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል። በጥቁሩ ብቻ ቢታተም ደግሞ ነጠብጣቡ ጉንጭ ላይ እንደ ተበተነ አሸዋ ይታያል። ኤፕሰን በ2000 ያወጣው 2000ፒ የተባለው ማተሚያ ፒግመንት፣ ማለትም የማይሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶችን የያዘ ቀለም በመጠቀም የዕድሜውን ችግር በእጅጉ አቃለለ። ነገር ግን በክፍል መብራት ሥር ያማረው ግራጫ በቀን ብርሃን ሲታይ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ጥቁሩን በማብዛት ነው። በአሜሪካ ቨርሞንት የሚሠራው አታሚ ጆን ኮን ፒዬዞግራፊ በተባለው ዘዴው የማተሚያውን ባለ ቀለም ቋቶች አስወጥቶ፣ በምትካቸው ከደማቅ እስከ ፈዛዛ የተለያየ ጥቁረት ያላቸውን ቀለሞች አስገባ። ፋብሪካዎቹም በዚሁ መንገድ ሄዱ። ኤፕሰን በ2002 በ2200 ማተሚያው ላይ ፈዛዛ ጥቁር ጨመረ፤ ኤችፒ በ2003 ግራጫ ቀለሞችን የያዘ ቋት አቀረበ፤ ኤፕሰን እንደገና በ2005 በ2400 ማተሚያው ጥቁር፣ ፈዛዛ ጥቁርና እጅግ ፈዛዛ ጥቁርን በአንድ ላይ አሰለፈ። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ግራጫ ከዴስክ ላይ ማተሚያ ማግኘት የሚቻል ነገር ሆነ።

የፒግመንት ጥቁር ዋና ንጥረ ነገር ካርቦን ነው፤ በቀላል አነጋገር የነጠረ ጥላሸት። ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ሲያዘጋጁ ኖረዋል፤ መቶ ዓመታትን ያስቆጠሩ መጻሕፍት ዛሬም ጥርት ብለው የሚነበቡት ካርቦን በብርሃን የማይደበዝዝ በመሆኑ ነው። ኢንክጄትም ከብዙ ድካም በኋላ ወደዚሁ የቆየ ዕውቀት ተመለሰ ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ለጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማተሚያ የሚመርጥ ሰው የቀለም ቋቶቹን ጠቅላላ ቁጥር ሳይሆን ከመካከላቸው ስንቱ ጥቁርና ግራጫ እንደሆኑ ይጠይቅ፤ ከጥቁሩ ሌላ ቢያንስ ሁለት ግራጫዎች ቢኖሩ መልካም ነው። ቀለሙ ፒግመንት መሆኑንም ያረጋግጥ። ለሚያብረቀርቅና ለማያብረቀርቅ ወረቀት የተለያየ ጥቁር ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ማተሚያዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀየሩ ብዙ ቀለም ያባክናሉ። ለሳምንታት ሥራ የሚፈታ ማተሚያ ደግሞ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ ላይ ይደርቅበታልና፣ በዓመት ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ የሚያትም ሰው ከመግዛት ይልቅ በባለሙያ ቢያሳትም ይሻለዋል። እዚያም ሲሄድ እነዚህኑ ጥያቄዎች ያንሣ፤ ኅትመቱንም ወደ ደጅ አውጥቶ በቀን ብርሃን ይመልከተው።

ከሁሉ በላይ ግን አዲሱ ቅጂ አማረ ተብሎ አሮጌው ፎቶግራፍ አይጣል። በሚገባ ታጥቦ በደረቅና ጨለማ ስፍራ የተቀመጠ የብር ፎቶግራፍ፣ በርካሽ ቀለም ከታተመው ቅጂው ብዙ ዓመታት አልፎ ሊኖር ይችላል። ናሽ ኔጋቲቮቹ ሲጠፉ ፎቶግራፎቹን ያተረፉለት እነዚያ የማይጣሉ የማይመስሉ ትንንሽ ወረቀቶች ነበሩ።